የተሳለሙት በር

«እና ይሄ ምንድን ነው?» አሉ መምህር ይታየው፣ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው።

እሌኒ መልሱ ነበራት፤ ጉልበቱ ግን አልነበራትም። እናቷም፣ የፎቶ ቤቱ ልጅም፣ ግማሽ ክፍሉም ይህንኑ ጠይቀዋታል። ለሁሉም ስለ መስመርና ስለ ጥላ አስረድታለች፤ ሁሉም «እሺ፣ ግን ምንድን ነው?» ብለዋል። መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ፎቶ ማለት ሙሽራ ነው፤ ካልሆነም ተመራቂ። ቆርቆሮ ላይ ተለጥፎ ዝገት የሚያነሳ ሰው ጤነኛ አይመስልም።

ፎቶው ያምር ነበር። ይህን ለማለት የማንንም ፈቃድ አልጠበቀችም። የጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው የቆርቆሮው ሽንሽን ጥቁርና ወርቃማ መስመር ሆኗል፤ መሃሉን ዝገት በልቶት የቀረው ቀዳዳ ጠባብ መስኮት ይመስላል። በር መሆኑ አያስታውቅም። የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት በር መሆኑማ ጨርሶ።

«የጥንት ቤተክርስቲያን መስኮት ነው፣ ቲቸር» አለች ጓደኛዋ ውባንቺ ከጎኗ። «ስማዳ፣ አያቷ አገር ሄዳ ያነሳችው።»

መምህሩ ቀና አሉ። «ታዲያ ይህን አትዪኝም ነበር?»

በዚያው ቀን ፎቶው ለወላጆች በዓል ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ። ከበዓሉ በኋላ ደብረ ታቦር ለሚደረገው ኤግዚቢሽንም እሱ እንዲሄድ ተወሰነ፤ እሌኒም አብራው። ከሥሩ ወረቀት ተለጠፈ፦ «የጥንታዊ ቤተክርስቲያን መስኮት፣ ስማዳ»።

«ምን አስዋሸሽ?» አለች እሌኒ ሲወጡ።

«ስትለፈልፊ መስማት ሰልችቶኝ ነዋ። አሁን ማን ጠየቀሽ? ደብረ ታቦር ልትሄጂ ነው እኮ፣ ሙድሽን አታበላሺ።»

እውነቷን ነበር። ማንም አልጠየቃትም። እሌኒ ምንም ሳታስረዳ ዋለች፤ እንደ እረፍት ቆጠረችው።

በማግስቱ የጽዳት ተራዋ ነበር። ኮሪደሩን ጠርጋ ስትጨርስ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ አያ ካሴ በሮቹን ሊቆልፉ መጡ። ፎቶው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ወረቀቱን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ አማተቡና ፎቶውን ተሳለሙት። ግንባራቸውን አስነክተው ደግሞ ተሳለሙት።

እሌኒ መጥረጊያውን እንደያዘች ቀረች። ነገ ወላጆች ይመጣሉ። እናቷ፣ የውባንቺ አያት፣ ነጠላ የለበሱት ሁሉ በዚህ በኩል ነው የሚያልፉት።

«አያ ካሴ፣ ቤተክርስቲያን አይደለም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«የሽንት ቤቱ በር ነው። የሴቶቹ።»

አያ ካሴ ፎቶውን አዩ። እሷን አዩ። አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እና ቆመሽ አሳለምሽኝ?»

ይቅርታ ልትላቸው ስትል ፊታቸውን አዞሩ። ዱላቸውን አንስተው ሄዱ።

ውባንቺ ስትመጣ እሌኒ ወረቀቱን በጥፍሯ እየላጠች ነበር።

«አብደሻል? ቲቸር ያወርደዋል እኮ።»

«ያውርደዋ።»

«ደብረ ታቦርስ?»

እሌኒ ከደብተሯ ንጹህ ገጽ ገነጠለች። ክንዷም፣ ምላሷም ደክሟል፤ ስለዚህ አሳጥራ፣ ዓይኑ የደከመ ሰውም እንዲያነበው በትልልቁ ጻፈች፦

«የሽንት ቤታችን በር። ጠዋት።»