ቅንፍ አይሰማም

«በቅንፍ ያለውንም ላንብበው?» አለች ዳሲቱ።

«እሱማ ማብራሪያ ነው» አለች ሸምሲያ፣ እርሳሷን እየቀረጸች።

«የማን ማብራሪያ?»

የጠዋቱ ፈረቃ ተለቆ ክፍሉ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ዳሲቱ የያዘችው የሸምሲያን ደብተር ነው። ሸምሲያ ገጹን ለሁለት ከፍላ፣ በግራ በኩል ጥቁር ሽፋን ካለው የቁርአን የእንግሊዝኛ ትርጉም፣ በቀኝ በኩል አረንጓዴ ሽፋን ካለው ሌላ ትርጉም አንቀጾች ገልብጣበታለች። መጽሐፎቹን ትምህርት ቤት ይዛ አትመጣም፤ ቤቷ እንደ ሶላት ታጥባ ውዱእ አድርጋ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጣ ነው የምትገለብጣቸው።

ዳሲቱ ጣቷን ያሳረፈችው የሚለምንን ሰው ማመናጨቅ በሚከለክለው አንቀጽ ላይ ነበር። አንቀጹ በሁለቱም ትርጉሞች አለ። በአረንጓዴው ግን ከኋላው «በእርግጥ ችግረኛ መሆኑ ከታወቀ» የሚል ሐሳብ በቅንፍ ተቀጥሎበታል።

ሸምሲያ ምዕራፉን በአረብኛ በቃሏ ታውቀዋለች። በልቧ ቀስ ብላ አነበነበችው። ከዚያም ደገመችው። ስለ ተረጋገጠ ችግረኛ አንድም ቃል የለበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ረሻድ ለሰፈሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አርባ የእንግሊዝኛ ትርጉም ሊያስመጡ አስበው ከድሬዳዋ ሁለት ናሙና፣ ጥቁሩንና አረንጓዴውን፣ አምጥተው ነበር። መስጊዱ ውስጥ ያለው የአማርኛ ትርጉም አንድ ብቻ ነው፤ ተማሪዎቹ ደግሞ ትምህርታቸው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ከሽማግሌዎቹ እንግሊዝኛ የሚያነብ አልተገኘም። አረብኛ የሚያውቁት ኢማምም ለዘመድ ለቅሶ ጅማ ሄደዋል። የሃዲድ ጥገና ሠራተኛ የሆነው የሸምሲያ አባት ያኔ ተነስቶ፣ ልጄ ትመርምረው፣ ለእሷ እኔ ዋስ ነኝ አለ።

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ ፊት ቁጭ ብላ ከሁለቱም እያነበበች ወደ አማርኛ መለሰችላቸው። ጥቁሩ ቁጥብ ነው፤ ምላሷን ያዝ አደረገው። አረንጓዴው እንደ ውሃ ወረደላት። በቅንፍ ያለውን ከቀረው ጋር አያይዛ ነበር ያነበበችው፤ ቅንፍ ደግሞ በጆሮ አይሰማም። በየመሃሉም «አላህ እንዲህ ይላል» ትል ነበር። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ አረንጓዴውን መረጡ። ሐጂ ረሻድ በሰው ሁሉ ፊት፣ ሁለቱንም ከዳር እስከ ዳር አንብበሽ ጨርሰሻል ወይ ብለው ጠየቋት። አባቷ ከፊት ለፊቷ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል። «አዎ» አለች። ከአረንጓዴው ያነበበችው ከፊትና ከኋላ ቀነጫጭባ ሠላሳ አንድ ገጽ ነው።

ትናንት ደግሞ በመስጊዱ በር ስታልፍ ዘበኛው ጋሽ ሮሪሳ፣ ለዓመታት እዚያ እየለመኑ የኖሩትን እትዬ አደሴን ሲመልሷቸው ሰምታለች።

«ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ አምጪ» ይሏቸው ነበር። «እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ የአላህ ቃል ነው። ዓርብ ዕለት ሲነበብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ጋሽ ሮሪሳ ቀልደኛ ስለሆኑ፣ ትናንት ሸምሲያ ስቃ ነበር ያለፈችው። አሁን ግን ማስረጃ አምጪ ያሰኛቸው የእሷው ንባብ መሆኑ ገባት።

ለዳሲቱ ሁሉንም ነገረቻት። ዳሲቱ ጥቂት አሰበችና ትከሻዋን ሰበቀች።

«ጭጭ በያ! አቦ አታካብጂው። ከአንቺ ሌላ እንግሊዝኛውን የሚያነብ የለ፤ ማን ይነቃብሻል?»

ሸምሲያን ያስፈራት ይኸው ነበር። ማንም አይነቃባትም። እሷ ያለችው ሁሉ ቃሉ ነው ተብሎ ይያዛል። ሐጂ ረሻድ ደግሞ ትዕዛዙን ይዘው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ባቡር ወደ ድሬዳዋ ይሄዳሉ።

ተነስታ ወደ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ገሰገሰች፤ ዳሲቱም ተከተለቻት። ዳሲቱ የሁለቱንም ቦርሳ ይዛ አጥሩ ጋ ቆመች። ሐጂ ረሻድ ሻንጣቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ከአንድ ሰውዬ ጋር ያወራሉ። ሰውዬው ባይሄድ ብላ ተመኘች። ሄደ። ከቃሊቲ በኩል የባቡሩ ጡሩምባ ተሰማ። ባይሰማ ኖሮ ምናልባት ትመለስ ነበር።

«ሐጂ» አለች፤ ድምጿ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነባት። «ዓርብ ዋሽቻለሁ።»

«ምኑን?»

«ሁለቱንም ጨርሻለሁ ያልኩትን። አረንጓዴውን ሠላሳ አንድ ገጽ ነው ያነበብኩት። የተርጓሚው የራሱ ቃል ተጨምሮበታል። እሱስ በቅንፍ ለይቶታል፤ እኔ ነኝ ሳልለይ ያነበብኩላችሁ።»

ባቡሩ እየጮኸ ገብቶ ቆመ። ሰው መሳፈር ጀመረ።

«ታዲያ ጥቁሩን ልዘዝ?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ያምኗታል፤ ነገሩም እዚሁ ያበቃል።

«አላውቅም» አለች። «እሱንም አልጨረስኩትም።»

ሽማግሌው ከደረት ኪሳቸው ትዕዛዙ የተጻፈባትን ወረቀት አውጥተው አዩዋት፤ ለሁለት አጥፈው መልሰው ከተቷት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«በአሥራ አምስት ቀኔ እመለሳለሁ። ሁለቱንም ጨርሰሽ ጠብቂኝ። ኢማሙም ይደርሳሉ፤ ከአረብኛው ጋር አብራችሁ ታመሳክራላችሁ» አሉ። ሻንጣቸውን አንስተው ደረጃው ላይ ከወጡ በኋላ ዘወር አሉ። «ለአባትሽ እኔ አልነግረውም።»

ምሕረት ይሁን ቅጣት ሊገባት አልቻለም። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ፤ የመጨረሻው ፉርጎም ከዓይን ራቀ።

«አለቀ በቃ» አለች ዳሲቱ ቦርሳዋን እያቀበለቻት። «ቤት እንሂድ፤ ርቦኛል።»

ሸምሲያ ቦርሳውን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ከጣቢያው በታች፣ ከድልድዩ ማዶ፣ ብረት በመዶሻ ሲመታ ይሰማል። አባቷ ከጥገና ጓደኞቹ ጋር ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነው።

«አንቺ ሂጂ፤ ለአባቴ ራሴ ልንገረው» አለቻት፤ ሃዲዱን ይዛም ቁልቁል መራመድ ጀመረች። የመዶሻው ድምፅ በቀረበች ቁጥር እየጎላ ሄደ።