ወንዝ ዳር የቀሩት ሪባኖች

«ቦርሳህን ክፈተው» አለች ዮርሌኒ።

«ምን ልታዪ? እርጥብ ልብስ ነው ያለው።» ኬይሎር ቦርሳውን ወደ ደረቱ ሳብ አደረገ። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ጥግ ስር ተጠልለዋል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ካልተጠጋጉ አይደማመጡም። ጫማው በጥቁር ጭቃ ተለውሷል። ያ ጭቃ ደግሞ ከወንዝ ዳር በቀር ከየትም አይመጣም።

«በናትህ ኬይሎር፣ ክፈተው።»

ከፈተው። ቦርሳው ውስጥ የተጨማደደ ሰማያዊ ሪባን ታጭቋል።

በዚያ ሸለቆ በየዓመቱ ከገበሬዎቹ ቅዱስ ከሳን ኢሲድሮ በዓል ማግስት፣ በሬዎቹ ተባርከው ዝናቡ ሲገባ፣ የመንደሩ ልጆች መንገደኛ እንዳይጠፋ ዛፍ ላይ የሚታሰረውን ሰማያዊ ሪባን ከወንዝ ዳር እየፈቱ ወደ ላይኛው የጫካ መንገድ ያዛውራሉ። በበጋ መንገደኛው ከመንደሩ ጫፍ ካለው የአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ተነስቶ ውሃውን እየተከተለ ይወርዳል፤ ደስ የሚል መንገድ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ተራራው ላይ የዘነበው ሳይታሰብ ደራሽ ሆኖ ከች ይላል። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። የመንገዱ እያንዳንዱ ቁራጭ ለሁለት ለሁለት ልጆች ይሰጣል፤ ከፍርስራሹ እስከ ተንጠልጣዩ ድልድይ ያለው የዮርሌኒና የኬይሎር ነበር።

ዘንድሮ ሪባኑ በሚዛወርበት ቀን የዮርሌኒ የአክስቷ ልጅ የአሥራ አምስት ዓመት ልደት ድግስ ነበረና «ሂጂ ጨፍሪ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ብሎ የሸኛት ኬይሎር ነው። ማታ በስብሰባው ላይ ዶን ኤቬሊዮ፣ የመንገድ መሪዎቹ አለቃ፣ «የፍርስራሹስ?» ሲሉ እጇን አውጥታ «አልቋል» ያለችው ግን እሷ ናት። ሄዳ አላየችም። ማን ያያል? ጓደኛዋ ጨረስኩ ብሏታል።

«ፎገርከኝ» አለችው።

«አልፎገርኩሽም። ኳስ ነበረብን፣ ከዚያ ነገ ነገ እያልኩ... ዛሬ ዝናቡ ሲጀምር ሄጄ ፈታሁት። በቃ፣ ተስተካከለ ማለት ነው።»

«ሰዎቹንስ አየሃቸው?»

«የቶቹን ሰዎች?»

የቶቹን? ከዋና ከተማው ከሳን ሆሴ መጥተው በእናቷ የእንግዳ ማረፊያ ያደሩትን ባልና ሚስት ነዋ! ጠዋት ሩዝና ጥቁር ባቄላቸውን በልተው ሲነሱ፣ ሴትዮዋ አረንጓዴ ጃንጥላዋን እንደ ምርኩዝ ይዛ «ልጄ፣ እንጠፋ ይሆን?» ብላ ጠይቃት ነበር። ዮርሌኒም አፏን ሞልታ «ሰማያዊውን ሪባን ተከተሉ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ» አለቻቸው። ለምሳ እንመለሳለን ብለው ነበር። እስካሁን የሉም።

«ሪባኑን እየተከተሉ ወርደዋል» አለች። «አንተ ደግሞ ከኋላቸው ፈታኸው። ያ ሁሉ የቡና ማሳ ቅያስ ባለበት በምን አይተው ይመለሱ?»

ኬይሎር ጭቃ የለወሰውን ጫማውን ቁልቁል አየ። ፊቱ ሲገረጣ አየችው።

«እሱን... አላሰብኩትም።»

ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ሰዎች ለፍለጋ እየተሰበሰቡ ነበር። ዶን ኤቬሊዮ ገመድ ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው በእጃቸው ወደ ላይ፣ ወደ ጫካው ያመለክታሉ። ሪባኑ እዚያ ነው ተብሎ የለ? እዚያ ይፈልጉ እንጂ የት ይሂዱ።

ኬይሎር እጇን ያዛት። «ስሚኝ፣ ዮርሌ። ላይ ካጧቸው ራሳቸው ወደ ታች ይወርዳሉ። ትንሽ ዝም በይ ብቻ። በዚህ ወር ከመሪዎቹ ጋር ሊቀላቅሉኝ ነው፣ ታውቂ የለ? ይህን ከሰሙ ጉዴ ፈላ። ያንቺም ጭምር ነው፣ አልቋል ያልሽው አንቺ ነሽ።»

እውነቱን ነው፤ ክፉው ነገር ይኸው ነበር። እናቷ ትሰማለች። መንደሩ በሙሉ ይሰማል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አብሯት ያደገው ልጅ ዓይኗን አያይም። ፈራች፤ ከልቧ ፈራች። ከፍርሃቱ በላይ ግን የዚያች ሴትዮ ጃንጥላ ዓይኗ ላይ ድቅን አለባት።

«ቦርሳውን ስጠኝ።»

«አትነጅሺኝ፣ ዮርሌ።»

«ስጠኝ አልኩህ።»

ነጥቃው ዝናቡ ውስጥ ገባች። ሰዎቹ ጉዞ ሊጀምሩ ሲሉ ዶን ኤቬሊዮ ፊት ቆመችና ቦርሳውን ከፍታ አሳየቻቸው።

«ወደ ላይ አይሂዱ፣ ዶን ኤቬሊዮ። ሪባኑ ሳይነሳ እስከ ዛሬ ወንዝ ዳር ነበር። ሰዎቹ የወረዱት በዚያ ነው።»

ሽማግሌው ሪባኑን አዩ፤ ከዚያ እሷን። «የማን ቁራጭ ነው?»

«የኔና የኬይሎር። አላየሁትም፤ ሳላይ ነው አልቋል ያልኩት። ዛሬ የፈታው እሱ ነው፣ ሰዎቹ እዚያ መሆናቸውን አላወቀም።»

አልጮሁባትም። ቢጮሁባት ይሻላት ነበር። ለሰዎቹ «ወደ ታች» አሉና «በጋ ላይ የትኛው ዛፍ ላይ እንዳሰርሽ ታስታውሻለሽ?» ብለው ጠየቋት።

«ሁሉንም።»

እስከ ድልድዩ እየመራች ወሰደቻቸው። ወንዙ ደፍርሷል፤ ቅጠልና ጭራሮ እየገፋ፣ በበጋ እግራቸውን ነክረው የሚቀመጡበትን ድንጋይ ውጦታል። ዶን ኤቬሊዮ ዞሩ።

«ከዚህ አታልፊም። ከዚህ እስከ መንደሩ መልሰሽ እሰሪው፤ ስንመለስ መንገዱ ይታየን። ካገኘናቸው እናፏጫለን።»

ሄዱ። ዮርሌኒ ማሰር ጀመረች። ጣቶቿ ቀዝቅዘው ቋጠሮው እምቢ ይላታል። አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠራርታ አልደርስ ብላ ስትታገል፣ ከኋላዋ የመጣ እጅ ቅርንጫፉን ዝቅ አደረገላት። ኬይሎር ነው፤ እስከ ውስጡ ረጥቧል።

«ስሜን ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው። የኔንም።»

ቅርንጫፉን ለቆ የሚሄድ መሰላት። ግን አልለቀቀውም።

«ሁለት ጊዜ ቋጥሪው» አለ በመጨረሻ፣ ዓይኗን ሳያይ። «ነፋስ አለ።»

ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። ፉጨት ይሰማ እንደሆነ ወደ ወንዙ ጆሮ ሰጡ። የሚሰማው ውሃው ብቻ ነበር። ዮርሌኒ ቀጣዩን ሪባን ከቦርሳው አወጣችና ወደሚቀጥለው ዛፍ ሄደች።