ማሽኑን ወክዬ የተጫወትኩት ቼዝ

የሞተ ሰው ታየ፣ ድምፁ ተሰማ የሚል ወሬ ሲወራ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ይህን ስጽፍም አፍራለሁ፤ ግን እመኑኝ፣ ሆኗል።

በደርግ ጊዜ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ተምሬ አምቦ ስመደብ ቼዝ የሚጫወት ማሽን ይዤ መጣሁ፣ የመዝገብ ደብተር ያክላል፣ የተጋጣሚውን እርምጃ ቁልፍ ተጭናችሁ ትነግሩታላችሁ፣ ጢጥ ብሎ መልሱን በቀይ ቁጥር ያሳያል፣ እጅ ስለሌለው ጠጠሮቹን የሚያንቀሳቅስለት ሰው ነው። "ከእንግዲህ ሰው ማሽንን አይችልም" እያልኩ በየሻይ ቤቱ ስደነፋ፣ ከጎጆ ከተማ እስከ ባኮ በቼዝ የታወቁት የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ኦቦ ደቻሳ "አምጣዋ" አሉኝ።

እሁድ ከሰዓት መምህራን ክበብ ሰው ተሰበሰበ። የማሽኑ እጅ እኔ ነበርኩ። መሀል ላይ ማሽኑ ንግሥቲቱን ከንጉሡ አጠገብ አንሳት አለኝ፤ ካነሳኋት የኦቦ ደቻሳ ፈረስ በአንድ እርምጃ ንጉሡን ማት አድርጎ ጨዋታውን ይጨርሰዋል። ያን ሁሉ ጉራ ነዝቼ መሳቂያ ልሆን ነው። ቁጥሩን የማየው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ንግሥቲቱን ትቼ ግንቡን ገፋሁ፣ ከዚያ በኋላ ቁልፉን የምነካካው ለይምሰል ነበር፣ የተጫወትኩት ራሴ ነኝ፣ አሸነፍኩ።

ኦቦ ደቻሳ ሰሌዳቸውን አጥፈው ለእኔ ሰጡኝ። "ገለቶሚ መምህር፣" ብለው አመሰገኑኝ፣ "ነፍስ የሌለው ዕቃ ከበለጠኝ እኔ ከእንግዲህ ምን አስባለሁ?" ከዚያ ቀን ወዲህ ቼዝ አልነኩም፣ ከቤት መውጣትም ተዉ፣ ዛሬ ልንገራቸው ነገ ልንገራቸው ስል ዓመት አለፈና ሞቱ።

በሰልስታቸው ማግሥት ውጭ ይዘንባል፣ እኔ ቤቴ ፈተና አርማለሁ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ጢጥ አለ። አይጥ ነው አልኩ። ደገመ። ማሽኑን አወጣሁት፣ ባትሪ ድንጋዩን ለራዲዮ ከወሰድኩበት ወራት አልፈዋል፣ ከፍቼ አየሁት፣ ባዶ ነው፣ ቀዩ ቁጥር ግን በርቷል፣ ያ የደበቅኩት የንግሥቲቱ እርምጃ ነበር። የኦቦ ደቻሳን የፈረስ መልስ ተጫንኩለት፣ ሲሸነፍ የምትበራው መብራት ቦግ አለችና ሁሉም ጠፋ። ዕቃው መሸነፉን ተናገረ፣ እኔ ሰው ሆኜ ማጭበርበሬን ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገርኩም፣ በራሴ አፈርኩ።

ዝናቡ ሳያባራ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ቤት ሄድኩ። "አዴ፣ ስለዚያ ጨዋታ የምነግርዎ ነገር ነበረኝ" ብዬ ጀመርኩ።

"ተወው ልጄ፣ እኔን የሚያጽናናኝ እሱ ነው" አሉኝ። "ማሽን ነው እንጂ ባሌን ሰው አላሸነፈውም። አይደል?"

አንገቴን ደፋሁ። "አዎ አዴ፣ ሰው አላሸነፋቸውም" አልኩ።

ያኔ ከውስጠኛው ክፍል አንድ ወንድ ጉሮሮውን ጠረገ። ለቀስተኛው ሁሉ ሄዷል፣ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። አዴ ጫልቱ ወደዚያ አልዞሩም፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሳያነሱ "ተቀመጥ፣ ልብስህ ይድረቅ" አሉኝ። የጠቆሙኝ ወንበር ጀርባውን ለዚያ ክፍል የሰጠ ነው፣ ተቀመጥኩ።