ሁለት ጠባሳ ያላት ብይ

ማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን ፈጣሪ ይታዘበኝ፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሰዓት የምጠግንባት ጠባብ ሱቄ ውስጥ ፀሐይ ጠረጴዛዬ ድረስ ገብታለች።

ታናሽ ወንድሜ መጣ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሲገባ በሩ ይጠበዋል።

"ጋሼ፣ እስቲ ይህቺን እያት።"

ከካልሲ ውስጥ አንዲት የመስታወት ብይ አውጥቶ መዳፌ ላይ ጣላት።

አወቅኋት... የአባታችን ናት።

አባታችን አሮጌ ብይ ሲሰበስብ ሃያ ዓመት አጠገቡ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። የእጅ ሥራውን ከፋብሪካው መለየት የለመድኩት እኔ... በማየት ብቻ፣ በትዕግሥት። ሊሞት ሲል ግን ይህቺን የሰጣት ለእሱ ነው። በካልሲ ጠቅልሎ ለሚዞር! ለአህያ ማር አይጥማትም ይሉ የለ?

ማጉያ መነጽሬን ዓይኔ ላይ አደረግሁ።

የእጅ ብይ ከጋለ የመስታወት ዘንግ ጫፍ በመቀስ ተቆርጣ ነው የምትወጣው። ስለዚህ አናቷና ግርጌዋ ላይ ክብ፣ ሸካራ ጠባሳ ይቀራል። የፋብሪካዋ ዙሪያዋን ለስላሳ ናት።

አገላበጥኳት። አንድ ጠባሳ... ሁለት።

ውስጧ ደግሞ እንደ ብር የሚያበራ ትንሽዬ የሰው ምስል ተቀምጧል። ጀርባውን ሰጥቶኛል።

ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘኋት ብይ። ለእኔ ነበር የምትገባው።

"እህስ?" አለ ወንድሜ። "ወይስ በስተርጅና ብይ መጫወት አማረህ?"

"የፋብሪካ ናት" አልኩት። "ጠባሳ የላትም። እርባና ያላት እንዳይመስልህ።"

ቅጭ!

የመቀስ ድምፅ... ማጅራቴ አጠገብ።

ዞር አልኩ። ግድግዳ ብቻ።

"ሰማህ?"

"ምኑን? ሰዓቶችህ ናቸዋ!" ሳቀ። "በል፣ ካልረባች አንተው ጋ ትቀመጥ። አባባ እኮ 'ለታላቅህ አሳየው፤ እሱ አይዋሽህም' ብሎኝ ነበር።"

ወጣ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ... በረደኝ። በዚያ ፀሐይ።

መነጽሩን መልሼ ዓይኔ ላይ አደረግሁ።

ሰውየው ዞሯል።

ብይዋን ወዲያ አዞርኳት... ፊቱ ወደ እኔ። ወዲህ አዞርኳት... ፊቱ።

አንድ እጁን ዓይኑ ላይ አድርጓል። ልክ እኔ መነጽሬን እንደምይዘው።

ቅጭ!

ይህኛው ከፊቴ ነው። ከአገጬ ሥር።

"አምላኬ፣ ማረኝ..." እያልኩ ብይዋን ይዤ ወደ ጎዳናው ሮጥኩ። ወንድሜ መኪናው ላይ ሊወጣ አንድ እግሩን አንሥቷል።

"ቆይ! ዋሽቼሃለሁ። ቀንቼብህ ነው... አባባ ለአንተ ስለሰጣት። የእጅ ሥራ ናት። ያዛት፣ ጠባሳዋን ዳስሰው።"

ዳሰሳት። ዙሪያዋን። ወደ ፀሐይ አነሣት።

"ጋሼ... ለስላሳ ናት እኮ። ጠባሳ የላትም አላልክም?"

"ውስጧ ያለው ሰውዬስ?"

"የምን ሰውዬ?"

ነጠቅሁት። ባዶ። ለስላሳ። ልክ እንዳልኩት... የፋብሪካ።

አንገቴን ደፍቼ ወደ ሱቄ ልመለስ ስል ወንድሜ ከኋላ ክንዴን ያዘኝ። ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ወርዷል።

"ጋሼ... ማጅራትህ ላይ ምንድን ነው?"

ነካሁት።

ክብ። ሸካራ። እንደ መስታወት ቀዝቃዛ።

የብይዋ ጠባሳዎች ግን ሁለት ነበሩ...

እጄን ቀስ አድርጌ ወደ ጉሮሮዬ ወሰድኩ።