ሊንኩ ላይ ያለው ሁለተኛ ሰው

ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ እዚህ ጋ አቁሙ። በእኔ የደረሰ ነው፤ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ፣ ቢሮዬ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ።

የሚከራዩ ቤቶችን የሚያሳይ ዌብሳይት ሠርቻለሁ። ጎብኚው የትኛው ክፍል ላይ እንዳለ፣ በሩ ክፍት ይሁን ዝግ፣ ስንት ሰው ቤቱን እያየ እንደሆነ... ሁሉንም የማስቀምጠው ሊንኩ ጭራ ላይ ነው። ሊንኩን የላክህለት ሰው ልክ አንተ የምታየውን ያያል። በዚህ ሥራዬ ስጎርር ለጉድ ነበር!

ያን ቀን ታናሽ እህቴ ልትከራየው ያሰበችውን ቤት ብቻዋን ልታይ ሄደች። መኝታ ቤቱ ስትደርስ ዌብሳይቴን በስልኳ ከፍታ ሊንኩን ላከችልኝ። ጭራው እንዲህ ይላል፦

ክፍል=መኝታ፣ በር=ክፍት፣ ሰው=2

ደወልኩላት።

«ደላላው አብሮሽ ነው እንዴ?»

«ኧረ የለም፣ ቁልፉን ሰጥቶኝ ሄደ። ምነው?»

«ሁለት ሰው ይላል።»

«ኮድህ ቃዥቶ ነዋ!» ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅኩ። ስህተቱን ልፈልግ ወንበሬን ሳብ አደረግኩ።

ዓይኔ እያየ ጽሑፉ ተለወጠ።

በር=ዝግ

ይሄ የማይሆን ነገር ነው። የተላከ ሊንክ በራሱ አይለወጥም፤ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አሳምሬ አውቀዋለሁ።

«አንተ...» ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። «በሩ ተዘጋ። አልከፈት አለኝ።»

ምን እንደነካኝ እንጃ... እጄ እንደ ልማዱ «ዝግ» የሚለውን አጥፍቶ «ክፍት» ብሎ ጻፈ።

በስልኩ ውስጥ በሩ ሲጥ ሲል ሰማሁት።

«ተከፈተ!»

«ውጪ! አሁኑኑ ውጪ!»

«አልችልም...»

«ለምን?»

«በሩ ላይ ቆሟል።»

ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኳት። በሩ ከታዘዘልኝ ይሄም ይታዘዝልኛል ብዬ 2ን አጠፋሁና 1 ጻፍኩ።

ጸጥ አለ።

«እህቴ?»

የሚተነፍስ አለ። ቀስ ብሎ... በረጅሙ... የእሷ አተነፋፈስ አይደለም።

አንዱ ይጥፋ አልኩ እንጂ የቱ እንደሆነ አልተናገርኩም። ምነው እጄን በቆረጠው!

መልሼ 2 ጻፍኩ። 1 ሆነ።

ደገምኩት... 1።

ደገምኩት... 1።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ አላውቅም። ቤቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እየጮህኩ ሮጬ መኝታ ቤቱ በር ላይ ደረስኩ። ባዶ ነው። ስልኳ መሬት ላይ ወድቋል፣ ጥሪያችን ገና አልተዘጋም።

በራሴ ስልክ ሊንኩን አየሁት።

ሰው=1

ክፍሉን ደግሜ ቃኘሁት። ማንም የለም። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባሁ...

ሰው=2