የዶቃ እስትንፋስ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ይህ ታሪክ ልብ ያደክማል፣ ግን አብረን እንወጣዋለን።

በሶርማን መንግሥት ጥላ-በል የተባለውን አውሬ ከድንበር የሚመልሰው የቤተ መንግሥቱ ውሾች ጩኸት ብቻ ነበር። አንድ ማለዳ ዶቃ የምትባል ቡችላ ልትጮህ አፏን ብትከፍት፣ የወጣው እንደ ተቀደደ ወናፍ ያለ ፉጨት ሆነ። የኋላ እግሮቿም ተጥመልምለው ከዷት። በዚያ ዓመት ከተወለዱት ብዙዎቹም እንዲሁ ሆኑ፤ ጥቂት ወራት ይሮጣሉ፣ ይንገዳገዳሉ፣ አየር አጥሯቸው ያልቃሉ። አውሬውም ኮረብታ በኮረብታ እየቀረበ መጣ።

የውሾቹ ጠባቂ ወጣቷ ላምሮት ዶቃን ታቅፋ፣ ደም አሽትታ ሕመም የምታውቀዋን ዘንዶ ፍለጋ ወጣች። ሽበሺ የተባለ ሽማግሌ ጦረኛም አብሯት ሄደ። አንቺ ልጅ፣ እኔን እናቴ እንኳ እንዲህ አላቀፈችኝም እያለ መንገዱን ሙሉ ያሾፍባት ነበር። ወደ ዘንዶይቱ የሚያደርሰውን የእሳት ገደል ሲሻገሩ የዶቃ ትንፋሽ ተቋርጦ ምላሷ ሲጠቁር ግን ቀልዱን ትቶ በጋሻው አራገበላት።

ዘንዶይቱ ዶቃን ረጅም ጊዜ አሸተተቻት።

«ልጄ፣ ይህ እርግማን አይደለም። ነገሥታቶቻችሁ የውጭ ውሻ ደም አናስገባም ብለው እየማሉ ዘመድን ከዘመድ አዳቀሉ። ሕመሙን እናትም አባትም በግማሽ ይዘውታል፤ ግማሹን ብቻ የያዘ ጤነኛ ነው። ሁለቱ ግማሾች የተገናኙበት ቡችላ ግን ረጃጅም ጅማቶቹ ከጫፋቸው ይደርቃሉ፤ የጉሮሮውና የኋላ እግሩ ይቀድማሉ።»

«መድኃኒቱስ፣ እማማ?»

«አንድ እስትንፋስ ቀርቶኛል። ለዚህች ብሰጣት ትድናለች። በሶርማን ላይ ብተነፍሰው ግን ግማሹን የያዙት ሁሉ ግንባራቸው ላይ ምልክት ይወጣል፤ ሁለት ባለ ምልክቶችን አታገናኙም። ምረጪ።»

ሽበሺ ፊቱን አዞረ። ዶቃ፣ ምኑን አውቃ፣ የላምሮትን እጅ ትልስ ነበር።

«በሶርማን ላይ ይተንፍሱት» አለች ላምሮት።

ዶቃ ከገደሉ ማዶ በላምሮት እቅፍ ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። ሽበሺ በጦሩ ጫፍ ጉድጓድ ቆፈረላት፤ እስከ ከተማ ድረስም አንድ ቀልድ አልወጣውም።

ሲደርሱ ምልክት የሌለበት የቤተ መንግሥት ውሻ ለዓይን እንኳ ጠፋ። ንጉሥ ደርባብ የአባቶቹን መሐላ በገዛ አፉ ሽሮ ከወንዝ ማዶ የገበሬ ውሾች አስመጣ። መኳንንቱ የንጉሥ ውሻ ለአጥንት ለቃሚ ተዳረ ብለው ተሳለቁ። አዲሶቹ ቡችሎች አድገው በአንድነት ሲጮሁ ግን ጥላ-በል ወደ መጣበት ሸሸ፤ ሳቁም ያኔ ቆመ።

ንጉሡ ደስ ብሎት በዚያ ሳምንት የተወለደችውን ቡችላ ዶቃ ብላ እንድትጠራት ላምሮትን አዘዛት። እሷ ግን እጅ ነሥታ፣

«ጃንሆይ፣ የሷ ስም ከሷ ጋር ይረፍ፤ ይህችን ስትሮጥ አይተን እንሰይማታለን» አለች።