አንድ ወደ ፊት፣ አራት ወደ ኋላ

ጋሽ ኦላና እሑድ ከሰዓት በኋላ ቃሊቲ ግቢያቸው ባለው ጋራዥ ውስጥ፣ በንጉሡ ዘመን በገዛ እጃቸው በሠሯት የእሽቅድድም መኪና አፍንጫና በግድግዳው መሃል ሞተው ተገኙ። ያገኘቻቸው ልጃቸው ቢፍቱ ናት። ማክሰኞ ዕለት እዚያው ጋራዥ ጥግ፣ በርጩማ ላይ፣ ከአንዲት ሴት ፖሊስ አጠገብ ተቀምጣለች። ግቢው ውስጥ የዋለችው እሷ፤ የሞተሩን ጩኸት ሰምታ ያልወጣችውም እሷ። ሰፈሩ ፈርዶ ጨርሷል፤ ወህኒ ቤቱም ሩቅ አይደለም። አባቷ መኪናዋን ለመደበቅ በደርግ ጊዜ መስኮቱን በብሎኬት ስለደፈኑት፣ ትንፋሽ እንኳ የሚወጣበት ቀዳዳ የለም።

ኢንስፔክተር አሰፋች አጭር ሴት ናት። ስትጠይቅ የምታሾፍ ትመስላለች፤ ስትሰማ ግን ዓይኗን አትነቅልም።

«ለምን አልወጣሽም?»

«አባዬ እሑድ እሑድ መኪናዋን ያስነሳታል። ስትጮህ ‹ዛሬ ደስ ብሎታል› ብዬ ልብስ ማጠቤን ቀጠልኩ።»

አሰፋች ከሬሳው ሥር የተገኘችውን የተጣመመች ማኖቬላ አነሳች። «መኪናዋ የምትነሳው በዚህች፣ ከፊት እየተጠመዘዘ ነው። እንግዲህ አባትሽ ከፊት ሆነው ሲያስነሱ፣ ማርሽ ያስገባ ሌላ ሰው መሪው ላይ ነበር።» ጎንበስ ብላ ሲሚንቶውን አየች። የኋላ ጎማዎቹ ከቆሙበት ትንሽ ፈንጠር ብሎ ጥቁር የተቃጠለ ምልክት አለ። መኪናዋ ግድግዳው ጋ ተወትፋ ጎማዋ ደጋግሞ እዚያው ተሽከርክሯል፤ በኋላ ግን አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ተመልሳለች።

«ታሪኳን ንገሪኝ። ማን ሠራት?»

«አባዬና ጓደኛው ጋሽ የሺዋስ። ከላሜራና ከወዳደቀ የጣሊያን መኪና። አንዴ ተወዳድረውባታል። ጋሽ የሺዋስ የሞቱት እኔ ልጅ ሆኜ ነው።»

«ከዚያ ወዲህ የተቀየረ ነገር አለ?»

ቢፍቱ አመነታች። «አምና ጎማዎቹን የሚያዞረው የኋላ ዲፍረንሻል ተሰብሮ፣ እኔና አባዬ የሌላ መኪና ገጠምን። አልገባ ሲለን ገልብጠን አስገባነው። ከዚያ ወዲያ ሁሉ ነገር ተገላቢጦሽ ሆነ። አራቱ ማርሽ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የኋላ ማርሹ ወደ ፊት። አባዬ በሳቅ ሊሞት! ‹የአገራችን መኪና ናት፣ ተያት!› አለኝ።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔና እሱ ብቻ። በሙያው እንዲሳቅበት አይፈልግም፤ ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።»

እሑድ ግቢውን የረገጡት ሁለት እንግዶች ናቸው፤ ሁለቱም ሞተሩ ሳይነሳ ወጥተናል ይላሉ። አንዱ የሳሪስ አቦው በያጅ ኤባ፣ የሟቹ የእህት ልጅ ነው። ሌላው የመኪናዋን ታሪክ እጽፋለሁ የሚል፣ የየሺዋስ ልጅ ዘአማኑኤል ነው። አሰፋች ሁለቱንም ወደ ጋራዡ አስጠራቻቸው።

«ነድተዋት ያውቃሉ?» አለችው አሰፋች ዘአማኑኤልን።

«ጋሽ ኦላና መች ያስነኩና! መቀመጫዋ ላይ እንኳ ቁጭ ብዬ አላውቅም። አባቴ የሠራት መኪና ሆና!»

«ሁለቱ የሠሯት» አለች አሰፋች።

መኪናዋን ወደ መሃል አስገፍታ፣ ሞተሩን አስነስታ፣ ከፊትም ከኋላም ሰው እንዳይቆም አዘዘች። ዘአማኑኤልን ውጭ አስቀርታ ኤባን መሪው ላይ አስቀመጠችው። «ወደ ኋላ ውሰድልኝ።» ኤባ እንደ ማንም ሰው የኋላ ማርሽ አስገባ፤ መኪናዋ ወደ ፊት ዘለለች። ፍሬኑን ረግጦ «ወይኔ! ምን ነካት?» አለ። ፊቱ አመድ መስሎ ወረደ።

ቀጥሎ ዘአማኑኤል ገባ። «እርስዎም ወደ ኋላ ይውሰዱልኝ።» እጁ ማርሹ ላይ ደርሶ ትንሽ ቆመ። ከዚያ አንደኛ አስገባ፤ መኪናዋም ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሄደች። ቢፍቱ ከበርጩማው ብድግ አለች።

አሰፋች ሁሉንም ሰበሰበች።

«መሪው ላይ የነበረው ሰው ወደ ኋላ ሊያወጣት ፈልጎ ወደ ፊት ላካት። ደነገጠ፤ ያንኑ ማርሽ ደጋገመ፤ በደጋገመ ቁጥር ሽማግሌውን ተጫናቸው። ጎማው የተቃጠለው ያኔ ነው። በመጨረሻ ሌላ ማርሽ ሞክሮ መለሳት።»

«ለመግደል ቢሆንስ?» አለ ኤባ።

«ሊገድል የመጣ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ መልሶ ለማውጣት አይታገልም። ቢፍቱ ብትሆን ደግሞ በመጀመሪያው ባወጣቻት። የምንፈልገው ያን ቀን የማያውቅ፣ ዛሬ ግን የሚያውቅ ሰው ነው። አንተ ዛሬም አታውቅም ነበር።» ወደ ዘአማኑኤል ዞረች። «እርስዎስ? አባትዎ ነግረውኝ ነው እንዳይሉ፣ ማርሿ የተገለበጠው አምና ነው። ቁጭ ብለውባት በማያውቁት መኪና፣ ወደ ኋላ ለመሄድ አንደኛ ማስገባትን ማን አስተማረዎት?»

ዘአማኑኤል ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። «ግቢው ውስጥ አንዴ ልዙርባት ብዬ ለምኛቸው ነው። አስነስተው ከፊቷ ዞር ሳይሉ እኔ ቸኮልኩ… ልገድላቸው አልፈለግሁም።»

«ይናገር ነበር?» አለች ቢፍቱ።

ዘአማኑኤል ፊቱን ወደ መኪናዋ አዞረ።

«አባዬ ይናገር ነበር ወይ?»

«አዎ። ‹ቢፍቱን ጥራት፣ እሷ ታውቃታለች› አሉኝ።»

«እና?»

«ፈራሁ።»

አሰፋች ለሴቷ ፖሊስ በዓይኗ ምልክት ሰጠቻት። ፖሊሷ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና «በቃ፣ መሄድ ትችያለሽ እህቴ» አለቻት። ቢፍቱ ግን ተመልሳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።